ሳይጠባ የሚበራ ችቦ፦ ውዳሴ ለክረምት መውጫ

ሰላም ለከ፣ የክረምት መውጫ ሆይ! ደመናን እንደ ካባ ደርበህ፣ መብረቅን እንደ ጎራዴ ታጥቀህ፣ ጉምን እንደ ነጠላ ተከናንበህ በደጋው አናት ላይ የምትሰየም፤ አገባብህ በነጎድጓድ፣ አወጣጥህ በአበባ የሆነ፤ ወንዝን ከወሰኑ የምታሻግር፣ ዘርን ከመቃብሩ የምታስነሣ፤ ሰላም ለከ! እጅ ልነሣህ ከደጅህ ስቆም ባዶ እጄን አልመጣሁም። በቀኜ የተቀጣጠለ ችቦ፣ በግራዬ ትኩስ ሙልሙል ይዣለሁ። ሁለቱንም የሰጠኸኝ አንተ ነህና ምስጋናውም ያንተው ነው።

የአገሬ ባለቅኔ መስከረምን ሲያወድስ ኖሯል። ሙሽራን ማወደስ ደግ ነው፤ ሚዜው ብዙ፣ እልልታው ሞልቶ የተረፈ ነው። ሙሽራውን ተሸክማ ጭቃውን የረገጠችውን፣ ሙላቱን የተሻገረችውን በቅሎ ግን ማን አስታወሳት? እኔ ዛሬ የምዘፍነው ለእርሷ ነው። ውዳሴዬ ዝናቡ ሳያባራ በዓል ለሚያከብረው ለነሐሴ፣ በሁለት ዓመታት መካከል እንደ ድልድይ ለተዘረጋችው ለጳጉሜን፣ አደዩ እየፈካ ጭቃው ገና ላልደረቀለት ለመስከረም መባቻ ነው።

ምሥጢርህን ልግለጥ። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር አንተን የሚዘረጋህ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። እንግዲህ በዓላቱን በጣታችን እንቁጠር። ቡሄ ነሐሴ 13፤ ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለልና አሸንዳ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፤ ርኅወተ ሰማይ ጳጉሜን 3፤ እንቁጣጣሽ መስከረም 1፤ ደመራ መስከረም 16፤ መስቀል በማግስቱ፤ ግሸን ማርያም መስከረም 21። ከእነዚህ ከአጥርህ የወጣ አንድም የለም! አባቶቻችንና እናቶቻችን ደስታቸውን ሁሉ ለበጋ አላቆዩትም። ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ጠንክሮ፣ እህሉ ታጭዶ ጎተራ እስኪገባ አልጠበቁም። ሰማዩ እንደ ጠቆረ ችቦ አበሩ፤ ፍሬው ገና በፈጣሪ እጅ ሳለ እልል አሉ። ደስታን ከዘሩ ጋር ዘሩት፤ ስለዚህም ከዘሩ ጋር ይበቅልላቸዋል። የማወድሰው ይህን ጥበብህን ነው።

ስምህ ራሱ በአንደበታችን ሰላምታ ሆኗል። ሁለት ወዳጆች ተጠፋፍተው ሲገናኙ «እንደምን ከረማችሁ?» ይባባላሉ። መክረም ማለት ክረምትን ማለፍ ነው፤ ሙላቱን፣ ብርዱን፣ የጎተራውን ጉድለት ተሻግሮ በሕይወት መገኘት ነው። በጥር የተገናኙም፣ በግንቦት የተገናኙም የሚጠያየቁት በአንተ ነው። ጋራ በማይታይበት፣ ነሐሴ ሐሩር ሆኖ በሚያቃጥልበት በዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን እንኳ ስልኩን ሲያነሣ «እንዴት ከረምሽ እናቴ?» ይላል። ዝናቡ እዚያ የለም፤ ቃሉ ግን ዝናቡን ተሸክሞ ውቅያኖስ ተሻግሯል። በዚያም አገር ሕፃናቱ ቡሄ ሲደርስ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ይላሉ። እንዲህ ያለ ወቅት ያለው ሕዝብ አድራሻው ቢለወጥ እንኳ ዘመኑ አይጠፋበትም።

ሰላም ለዝናብህ! ከምዕራብ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ፣ ከደቡብም ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ጭኖ የሚገሰግሰው ነፋስ ከደጋችን ተራሮች ጋር ሲላተም ሸክሙን በእኛ ላይ ያራግፋል። ሐምሌና ነሐሴ ወንድማማች ሆነው ጣሪያውን ሲደልቁ አዲስ አበባ ከዓመቱ ሁሉ የበዛውን ዝናቧን ትጠጣለች። በደቡብ ጎንደር የጉና ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይሰድዳል፤ ጣናም የተቀበለውን አደራ ለዓባይ ያስረክባል። በበጋ እንደ ክር ቀጥኖ የሚወርደው ጢስ ዓባይ ነሐሴ ሲደርስ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል፤ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ራሱን እየወረወረ የስሙን ጢስ ወደ ሰማይ ይልካል። ከፊቱ የቆመ ሰው ልብሱ ይረጥባል፣ ጆሮው ይደነቁራል፣ ልቡ ግን ይከፈታል። ውኃህ ቀይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀለሙ የተራሮቻችን አፈር ነው። አፈራችንን ስትወስድ እናዝናለን፤ ስለዚህም ገበሬው እርከኑን ይጠግናል፣ ተማሪው ችግኙን ይተክላል። ለተከልነው ችግኝ ውኃ የምታጠጣውም አንተው ነህ።

ሰላም ለብርሃንህ! ብርሃንህ እንደ በጋ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ስላልሆነ ማንም አያባክነውም። ከሰዓት በኋላ ደመናው ለአፍታ ሲሰነጠቅ ሴቶች ብቅላቸውን ያሰጣሉ፣ ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው ጀርባቸውን ያሞቃሉ፣ ጥጃ ከጋጣ ወጥቶ ይቦርቃል። ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲወርዱ ልጆች «ጅብ ወለደች!» ብለው ይሮጣሉ። ከዚያም ከጋራ እስከ ጋራ ያ የቀለም ድልድይ ይዘረጋል። ሌላው ሕዝብ በሌላ ስም ይጠራዋል፤ እኛ ግን የማርያም መቀነት አልነው። ሰማይ መቀነቷን ፈትታ በዘራነው ማሳ ላይ ያኖረች እናት መስላ ታየችን። እንዲህ ያለውን ስም ያወጣው ሰው ነሐሴን በመስኮት ያየ ሰው አይደለም፤ እግሩ ጭቃ ውስጥ፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ የነበረ ሰው ነው።

ሊቃውንቱም ቀኖችህን ከፍለው ስም ሲሰጡ በአንተ ተደንቀዋል። ነሐሴ ሲጋመስ ያለውን ሰሞን «ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ» አሉት፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። ወላጆቻቸው ጥለዋቸው የሚሄዱ የቁራ ጫጩቶች አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ከፈጣሪ ምግባቸውን እንደሚቀበሉ ይተረካል። ውኃ የከበባቸው ደሴቶች ዝናብ ይጠግባሉ። የፍጥረት ሁሉ ዓይን ወደ ሰጪው ይመለከታል። ከዚህ ቀጥሎ ለሚመጣው ለነሐሴ ማገባደጃና ለጳጉሜን ያወጡለት ስም ደግሞ «ጎሕ» ነው፤ ንጋት! አስተውሉ። ይህን ስም ፀሐይ ለተቀዳጀው ለጥቅምት አልሰጡትም። ጉሙ ሳይገፈፍ፣ መንገዱ ሳይከፈት ላለው ለጨለማው ሰሞን ሰጡት። ንጋትን ከብርሃኑ በፊት በስሙ ጠሩት።

ሰላም ለምድጃህ! ውጭው ሲጨልም ቤቱን የምታሞቅ፣ ወንዝ ሞልቶ የሩቅ ዘመድ ሲለያይ የአንድ ጣሪያ ሰዎችን በአንድ እሳት ዙሪያ የምትሰበስብ። በእሳቱ ዳር ያልተነገረ ተረት፣ ያልተፈታ እንቆቅልሽ፣ ያልታረቀ ጠብ የለም። ቆሎው ይዘገናል፣ ንፍሮው በሰፌድ ይቀርባል፣ የቡናው ጢስ ከዕጣኑ ጋር ወደ ክዳኑ ይወጣል። ገሳውን የለበሰ እረኛ ደጁን ገፍቶ ሲገባ ከገሳው የሚንጠባጠበው ውኃ መደቡን ቢያረጥብ የሚቆጣ የለም፤ «ና፣ እሳቱን ተጠጋ» ይባላል። በከተማም በረከትህ አይጎድልም። የአዲስ አበባ መንገድ ዳር በከሰል ላይ በሚፈነዳ በቆሎ ሽታ ይታወዳል፤ ጃንጥላ የያዘውም የሌለውም፣ ታክሲ የሚጠብቀውም ከሥራ የሚመለሰውም የጋለ እሸት በሁለት እጁ ይዞ ይሞቃል። ከዝናብ ለመጠለል በአንድ ታዛ ሥር የተጠጉ የማይተዋወቁ ሰዎች እስኪያባራ ድረስ ጎረቤት ይሆናሉ።

ነገር ግን ውዳሴዬ እውነት እንዲሆን ጉድለትህንም እናገራለሁ። አንተ የባዶ ጎታ ወቅት ነህ። ያለፈው ዓመት እህል ያለቀብህ፣ የዘንድሮው ያልደረሰብህ፣ እናት እፍኙን ደጋግማ የምትለካብህ ወቅት ነህ። በዚህ ጊዜ የተፈጠረ መተጋገዝ ግን ከጥጋብ ዘመን ፍቅር ይበልጣል። አረሙ ጤፉን ሊያንቅ ሲነሣ ገበሬው ለጎረቤቱ ይጣራል፤ ደቦው ይወጣል፤ ወንፈሉ ይዞራል። ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው። ሰው ጎንበስ ብሎ በጭቃ ውስጥ በረድፍ ሲያርም አንዱ ያንጎራጉራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ የወገብ ሕመም በዜማ ይረሳል። እህል ያነሰው ቤት ከበረታው ቤት ቁና ተበድሮ ያድራል፤ አበዳሪውም ብድሩን ለመከር ይቀጥራል። ያበደረውም የተበደረውም ገና ያልበቀለውን እህል አምነው ነው የተማመኑት።

ሰላም ለጾምህም! ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ይገባል። ሕፃናት ከእናታቸው ነጠላ ሥር ተሸሽገው ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ምእመናን ጥሬያቸውን ቋጥረው ለሱባኤ ወደየገዳሙ ይወርዳሉ። በዚሁ ጾም መካከል፣ ከዝናቡም መካከል ቡሄ ይበራል።

ቡሄ ሆይ፣ የነሐሴ ዘውድ! በታቦር ተራራ ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ የተገለጠውን ብርሃን በየደጃችን የምታወርድ! ነሐሴ 12 ምሽት ችቦው በየቤቱ ደጃፍ ሲቀጣጠል ከጋራ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ሰማይ ደመና ሸፍኖት ኮከቦቹ ወደ መንደር የወረዱ ይመስለዋል። ሊቃውንት ችቦውን የታቦር ብርሃን፣ ጅራፉን ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ይሉታል። እረኛው ግን ምሳሌውን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ነጎድጓድ ሲያስፈራራው የከረመ ልጅ ጅራፉን ገምዶ፣ ከራሱ በላይ አዙሮ ሲያጮኸው ለሰማይ መልስ ይሰጣል። ጋራው ተቀብሎ ያስተጋባል፤ ከማዶ ያለው ጓደኛው ይመልስለታል። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይላል የአገሬ ሰው። በማግስቱ ዝናቡ እንደሚወርድ እያወቀ ይለዋል፤ ልቡ ከሰማዩ ቀድሞ ተሻግሯልና።

ልጅ ሳለሁ ያየሁትን አንድ የቡሄ ዋዜማ ልናገር። የአያቴ ጎታ ባዶ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። በጣሳ ስትዝቅ የጎታው ወለል ኳ ሲል ሰማሁ። ያንን የቀረውን ዱቄት አቡክታ፣ ሊጡን በመዳፏ እያድበለበለች ሙልሙል ጋገረች። ምሽት ላይ የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ፤ ከመካከላቸው የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ነበሩበት፤ ዱላውም ድምፁም አንድ ነበር። አያቴ ለሁሉም አንድ አንድ አደለች፤ ትልቁን ግን ወላጅ ለሌለው ለአንድ እረኛ አቆየችለት። ስስት ይዞኝ «እምዬ፣ ዱቄቱ አልቆ የለም እንዴ? ለምን ሁሉን ትሰጫለሽ?» አልኳት። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ እንዲህ አለችኝ፤ «የኔ ጌታ፣ ጎታ በመሰሰት አይሞላም፤ በመከር ነው የሚሞላ። መከሩን ከዝንጀሮና ከወፍ ጠብቀው የሚያመጡልን ደግሞ እነዚሁ ልጆች ናቸው።» ያ እረኛ ሙልሙሉን ተቀብሎ እስኪጨርስ ድረስ መረቃት፤ ልጅ አሮጊትን መረቀ። የዚያን ምሽት ደጃችን ላይ የነደደው ችቦ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። እኔ ግን ደስታ ምን እንደሆነ በተጠየቅሁ ቁጥር የጎታው ወለል ኳ ሲል እሰማለሁ፤ ከዚያም የልጆቹን ዜማ።

ሰላም ለልጃገረዶችሽ፣ የነሐሴ እኩሌታ ሆይ! ጾሙ ነሐሴ 16 ሲፈታ የሚጀምረው ጨዋታቸው በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ተብሎ ይጠራል፤ ስሙ በየጋራው ይለወጣል፣ ልምላሜው አንድ ነው። ረጃጅሙን ለምለም ሣር በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ሹርባቸውን ተሠርተው፣ ኩላቸውን ተኩለው፣ ከበሮ ይዘው ሲወጡ ማሳው ራሱ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ ውኃ የቀዱ፣ እንጨት የለቀሙ፣ ወፍጮ የወረዱ እጆች በእነዚህ ቀናት ለጭብጨባ ብቻ ይሆናሉ። አባት አይቆጣም፤ እናት አትልክም። ከንፍር ውኃ በኋላ ርግቧ ለኖኅ ይዛ የተመለሰችው ለምለም ቅጠል መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። እንዴት ያለ ያማረ ትርጓሜ ነው! ርግቧ ቅጠሉን ስታመጣ መርከቡ ገና በውኃ ተከቦ ነበር። የሰቆጣም ልጃገረድ ሣሯን ታጥቃ ስትዘፍን ወንዙ ገና አልጎደለም።

ከበሮው ዝም ያለባቸውን ነሐሴዎችም አልረሳም። በቅርብ ዓመታት ጦርነት በነዚሁ ተራሮች ላይ ሲያልፍ በሣር ፈንታ ስንቅ የታጠቁ፣ በዘፈን ፈንታ ሬሳ የሸኙ ልጃገረዶች ነበሩ። ሰላም ባገኙበት ዓመት ግን ተመልሰው ሣሩን አስረዋል። የሞቱባቸውን እኅቶች ቦታ በጨዋታው መካከል ክፍት ትተው፣ በእንባቸው መካከል አጨብጭበዋል። ሐዘን በገባበት ቤትም ጎረቤት በዓሉን ብቻውን አያከብርም፤ ጀበናውን ይዞ ይገባል፣ ዳቦውን እዚያው ይቆርሳል። የክረምት መውጫ ሆይ፣ ከክብርህ ሁሉ ታላቁ ይህ ነው፤ የሚያለቅስን ሰው ዝም በል አትለውም፤ አብረኸው ታዘንብና ቀስ ብለህ ታባራለህ።

ሰላም ለኪ፣ ጳጉሜን! የወራት ታናሽ እኅት፣ አምስት ቀን ብቻ ያለሽ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ስድስት የምትሆኚ! ትንሽ መሆንሽ ለደጅ ቁልፍ እንደ መሆን ነው፤ ያለ አንቺ አዲሱ ዓመት አይከፈትም። ከንጋት በፊት ሰው ወደ ወንዝ ወርዶ በቀዝቃዛ ውኃሽ ይጠመቃል፤ ያለፈውን ዓመት ድካም በውኃሽ ያጥባል። በ3ኛው ቀንሽ በርኅወተ ሰማይ የሰማይ ደጅ ይከፈታል ይባላልና ዝናብ ሲወርድ ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው እየዘለሉ ቅዱስ ሩፋኤልን እንዲያሳድጋቸው ይለምኑታል። ሌላ ጊዜ «ይበርድሃል፣ ግባ!» የምትለው እናት በዚያ ቀን ከደጅ ቆማ ትስቃለች። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንቺ ነው። ሕዝቡ ከመቀነቱ ፈትቶ ያዋጣበት ሥራ፣ የነሐሴ ውኃ ሞልቶ ባለበት ሰሞን ብርሃኑ በይፋ ተበሰረ። ውኃን ወደ ብርሃን መለወጥ የአንቺ የቆየ ልማድ ነው።

ሰላም ለአበባሽ፣ ዕለተ እንቁጣጣሽ! አደይ ሆይ፣ ማን ዘራሽ? ማን ኮተኮተሽ? ገበሬው አላረመሽም፤ ዓመቱን ሙሉ ከአፈር ሥር ተኝተሽ በቀጠሮሽ ቀን ጋራውን ወርቅ ታለብሺዋለሽ። የመስቀል ወፍም ቀጠሮዋን አክብራ ከጎንሽ ትታያለች። በምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች ዓመቱ ሊለወጥ ሲል ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከአደይ ጋር ጎንጉነው ከቤቱ ምሰሶ ያስሩታል፣ በወላጆቻቸው ራስ ላይ ያኖሩታል። ልጅ ለአባቷ ዘውድ ትጭናለች! የትኛው ቤተ መንግሥት እንዲህ ያለ ሥርዓተ ንግሥ አየ? በከተማም ሕፃናት በቀለም የሣሉትን አበባ ይዘው በየደጁ ይሄዳሉ፤ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል ይረግጣሉ፤ ችቦው በዋዜማው ዳግም ይበራል። «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ» ይባላል፤ ማሸጋገር የወንዝ ቃል ነው። የዓመት መለወጫችን እንኳ ሙላትን መሻገር ነው።

ከዚያም ደመራው ይደመራል። ለየብቻው ቢነድድ ቶሎ የሚያልቅ ችቦ ከጎረቤቱ ችቦ ጋር ቆሞ አንድ ታላቅ እሳት ይሆናል። በአዲስ አበባ በዋዜማው ምሽት፣ በብዙ የሰሜን አጥቢያ በመስቀል ንጋት ይለኮሳል፤ ዓለምም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ለእኛ ግን ክብሩ ከመዝገቡ በፊት ነበረ፤ ወንዙ ጎድሎ የተለያየ ዘመድ የሚገናኝበት ቀን ስለሆነ። ጉራጌው ሱቁን ዘግቶ ከያለበት ከተማ ወደ እናቱ ደጅ ይተምማል፤ ክትፎው በቆጮ ይቀርባል፣ የተጣላ ይታረቃል። ወላይታው ጊፋታን ያከብራል፤ ጋሞው ዮ ማስቃላ ይላል። ኦሮሞውም ክረምቱን በሰላም ስላሻገረው ኢሬቻውን ይዞ፣ እርጥብ ሣርና አበባ በእጁ ጨብጦ ወደ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሣሩን ከውኃው ነክሮ ለፈጣሪው ምስጋና ያደርሳል። ቋንቋው ብዙ ነው፤ የሚመሰገነው ነገር አንድ ነው፤ ጨለማው ሲያልፍ በሕይወት ተገኘን! ምእመኑም በመስከረም 21 የግሸንን አምባ ወጥቶ፣ ግማደ መስቀሉ አለበት ተብሎ በሚታመነው ተራራ ቆሞ፣ ቁልቁል የለመለመውን አገር ያያል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። አጨዳው ገና ኅዳርን ይጠብቃል። ልቡ ግን አስቀድሞ አጭዷል።

እንግዲህ፣ የክረምት መውጫ ሆይ፣ ለሕዝብህ ያስተማርኸውን ጥበብ አትንሣን። በቤቱ ዝናብ የሚዘንብበት ሁሉ፣ መስከረሙ የዘገየበት ሁሉ፣ ደጁን ከፍቶ ችቦውን እንዲያበራ ድፍረት ስጠው። ፀሐይ እስክትወጣ የሚጠብቅ ብቻውን ይጠብቃል፤ በጨለማ ችቦ ያበራ ሰው ግን ብርሃኑን አይቶ የሚመጣ ጎረቤት አያጣም።

አሁን ምርቃቴን ተቀበሉ። ጎታችሁ ሞልቶ ለጎረቤት ይትረፍ። ሙላት አይለያችሁ፤ መብረቅ አይንካችሁ። የእረኛው ጅራፍ ይጩኽ፤ የልጃገረዷ ከበሮ ዝም አይበል። በጨዋታው መካከል ክፍት የቀረው ቦታ በልጅ ልጅ ይሞላ። ደመራችሁ ወደ ሰላም ይውደቅ። የተሰደደ ይመለስ፤ የተጣላ ይታረቅ፤ የታመመ ከመስከረም ፀሐይ ይሙቅ። ወላጅ ለሌለው እረኛ ትልቁን ሙልሙል የምታቆይ እጅ ከየቤቱ አትጥፋ። ለከርሞ ሰው ይበለን። አሜን!

ዝናቡ ገና ይዘንባል። ችቦዬ ግን በርቷል፤ ሙልሙሌም አልበረደም። ደጁን ግፉና ግቡ፣ እሳቱን ተጠጉ።

እንደምን ከረማችሁ?